አዲስ ሸራና ዲስክ ተገጥሞ የፍሬን ፔዳሉ ሲላላ፦ እንስሳት ከመጫናቸው በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ዙሪያ ወይም በከተማው የመለዋወጫ መደብሮች አዲስ የፍሬን ሸራና ዲስክ ገዝተው ፒክአፓቸውን ያስጠገኑ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ዕቃው አዲስ ነው፤ ታዲያ ፔዳሉ ከበፊቱ ይበልጥ የሚሰምጠው ለምንድን ነው?» ከጋራዡ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ግድ የለም፣ ሲነዳ ይስተካከላል» የሚል ነው። ሌላው «ዋናው ፓምፕ ሞቷል፣ ይቀየር» የሚል ነው። ሁለቱም ሳይፈተሽ ከተሰጡ ዋጋ ያስከፍላሉ። የመጀመሪያው በቁልቁለት ላይ ነፍስና ንብረት ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለማያስፈልግ ዕቃ ገንዘብ ያስወጣል።

ፔዳል ከሸራና ዲስክ ቅያሪ በኋላ የሚላላባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት አለው። ፔዳሉ እንዴት እንደሚሰምጥ፣ ሲደጋገም ምን እንደሚሆን፣ ተረግጦ ሲያዝ ይቆም ወይም ይወርድ እንደሆነ በቅደም ተከተል ያየ ሰው ሌላ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ጥፋቱ የት አካባቢ እንዳለ ያውቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜዳ ቦታ፣ አንድ ረዳትና ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ስለየትኛው መኪና ነው የምንናገረው?

እዚህ የምንናገረው በፍሬን ዘይት ስለሚሠሩ መኪኖች ነው። ገበያ ለመዞርና በግና ፍየል ለማመላለስ የምንጠቀምባቸው እንደ ሂሉክስና ላንድክሩዘር ያሉ ፒክአፖች አብዛኞቹ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላቸው። እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያሉ አነስተኛ የጭነት መኪኖችም በዘይት ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ግን በአራቱም በኩል ታምቡር ናቸው። ስለ አየር፣ ስለ ዘይትና ስለ ኋላ ሸራ ማስተካከል የተባለው ለእነሱም ይሆናል። በንፋስ ፍሬን የሚሠሩ ትላልቅ መኪናዎችና ተሳቢዎች ጠባያቸው ሌላ ስለሆነ በዚህ መመዘኛ አይፈተሹም።

የእኛ ጭነት ቁልቁል ይወርዳል

ከወደብ ዕቃ ጭኖ ወደ መሀል አገር የሚሄድ መኪና ጭነቱን ይዞ ዳገት ይወጣል። የቁም እንስሳት ነጋዴ መንገድ ተቃራኒ ነው፤ ጭነቱን ይዞ ከደጋ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከባቢሌ ገበያ የተነሳ መኪና ሐረርን አልፎ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከዚያ በደወሌ አድርጎ በአሊ ሳቢየህ በኩል ወደ ዳመርጆግ የኳራንቲን ጣቢያ ያመራል። ከባቲ ሰኞ ገበያ የገዛም ወደ ሚሌ ሲወርድ ያው ነው፤ ከዚያ ወዲያ በገላፊ በኩል ረጅሙና ሞቃቱ መንገድ ይጠብቀዋል። ፍሬኑ ብዙ የሚሠራው እንስሳቱ ላዩ ላይ ሳሉ ነው ማለት ነው።

ጭነቱ ደግሞ እንደ ጆንያ አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል። ሹፌሩ ፔዳሉ ሲሰምጥበት ደንግጦ ደጋግሞ ሲረግጥ መኪናው መጀመሪያ ሳይቆም ይሄድና በድንገት ይይዛል። እንስሳቱ ወደፊት ይገፋሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይወድቃል፤ ከታች የቀረው ይታፈናል ወይም እግሩ ይሰበራል። ምንም አደጋ ባይደርስ እንኳ ያነከሰና የቆሰለ እንስሳ ዳመርጆግ ሲደርስ ዋጋው እንደተነሳበት አይሆንም። በተለይ ከዓረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ መርከብ ለመድረስ በሚጣደፉበት ጊዜ፣ «ሲነዳ ይስተካከላል» የሚለውን ቃል መቀበል ይቀላል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ፔዳሉ ለምን ይሰምጣል?

የፍሬን ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም። እግር ፔዳሉን ሲገፋ ዋናው ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሸራውን በዲስኩ ላይ ይጫናል። ሁሉም በትክክል ከተገጠመ የፔዳሉ ጉዞ አጭር ነው፤ እግር ሥርም ጠንካራ ነገር ይሰማል።

ይህ ጉዞ የሚረዝመው ወይም የሚላላው መሐል ላይ የሚታመቅ፣ የሚለጠጥ ወይም የሚያመልጥ ነገር ሲኖር ነው። አየር ይታመቃል፤ ያረጀ የጎማ ቱቦ ይለጠጣል፤ ዘይት ያፈስሳል፤ ሸራውም ከዲስኩ ከራቀ ፒስተኑ መጀመሪያ ያንን ክፍተት መሙላት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ፍተሻ እነዚህን አንድ በአንድ የሚለይ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይለይ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ቶሎ የማይቆም ከሆነ ችግሩ የላላ ፔዳል አይደለም። ሸራው ከዲስኩ ጋር ገና አልተላመደም፣ ወይም ዘይትና ቅባት ነክቶታል፣ ወይም የእግርን ጉልበት የሚያግዘው የፍሬኑ ሰርቮ አልሠራም። አዲስ ዲስክ ዝገት እንዳይበላው ቅባት ተቀብቶ ስለሚመጣ ከመገጠሙ በፊት በፍሬን ማጽጃ መታጠብ አለበት።

መጀመሪያ መካኒኩን ሦስት ነገር ይጠይቁ

ጋራዡን ከመልቀቅዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ከካሊፐሩ ላይ የዘይት ቱቦ ተፈቷል? የማስተንፈሻው ብሎን ተከፍቷል? የዘይት ማጠራቀሚያው ሥራው ላይ ሳለ ባዶ ሆኖ ነበር? ለሦስቱም መልሱ «አይ» ከሆነ አየር የገባበት ዕድል አነስተኛ ነው፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል። ለአንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ አየር ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው።

አራት የፔዳል ፍተሻዎች

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። በማጠራቀሚያው ላይ ያለውን የዘይት መጠን ይዩ። ሞተሩን አጥፍተው ይጀምሩ።

1. ደጋግመው ይርገጡ። አዲስ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ሲገጠም ፒስተኑ ወደኋላ ይገፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ርግጫዎች ወለሉ ድረስ ቢወርዱ አይገርምም፤ ፒስተኑ እየተመለሰ ነው። መኪናው አንድ እርምጃ ሳይንቀሳቀስ ይህ መደረግ አለበት። ከዚያ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ጠንክሮ ከቀረ፣ ለጥቂት ደቂቃ ትተውት ሲመለሱም እንደዚያው ካገኙት፣ ችግሩ ይኸው ብቻ ነበር።

2. አቁመው እንደገና ይሞክሩ። ሲደጋገም የሚጠነክር፣ ትንሽ ካረፈ በኋላ ግን እንደገና የሚሰምጥ ፔዳል ሁለት ነገር ሊያመለክት ይችላል። እግር ሥር እንደ ስፖንጅ ወይም እንደ ስፕሪንግ የሚል ከሆነ አየር ነው። ሲይዝ ጠንካራ ሆኖ ጉዞው ብቻ ረጅም ከሆነ ግን ሸራ ከቦታው ርቋል፤ ብዙ ጊዜ የኋላው ነው።

3. የእጅ ፍሬኑን ስበው ይርገጡ። በፒክአፕ የእጅ ፍሬኑ የኋላውን ሸራ ወደ ታምቡሩ ያስጠጋል። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ፔዳሉ በግልጽ ከፍ ካለ የፊቱን ትተው ኋላውን ያስተካክሉ። ብዙ ሰው የፊቱን ሸራና ዲስክ ሲቀይር የኋላውን ስለሚረሳ ይህ ጥፋት የተለመደ ነው፤ የፔዳሉ ርዝመት ግን በአዲሱ ዕቃ ይመካኛል።

4. ረግጠው ይያዙ። ፔዳሉን በመጠነኛ ኃይል ረግጠው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙ። በዝግታ እየወረደ ከሄደ ዘይት እያመለጠ ነው። በአራቱም ጎማ ውስጠኛ ክፍል፣ በቱቦዎቹ መጋጠሚያና በፔዳሉ ሥር እርጥበት ይፈልጉ። የትም የማያፈስስ ሆኖ ፔዳሉ ከወረደ ዘይቱ በዋናው ፓምፕ ውስጥ በጎማዎቹ በኩል እየዞረ ይመለሳል። ፓምፕ ይቀየር የሚባለው ይህ ምልክት ሲታይ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

በመጨረሻ ፔዳሉን ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሱ። በዚህ ጊዜ ትንሽ ዝቅ ቢል ሰርቮው ሥራውን ስለጀመረ ነው፤ ጤነኛ ምልክት ነው።

አየር ከሆነ

አየር የማውጣቱን ሥራ መካኒኮቻችን እስፑርጎ ይሉታል። ከማስተንፈሻው ብሎን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ይሰካል፤ ሌላው ጫፍ ጥቂት ንጹሕ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ረዳቱ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ረግጦ ይይዛል። መካኒኩ ብሎኑን በጥቂቱ ይከፍታል፤ አረፋው ሲወጣ ይዘጋል። ረዳቱ እግሩን የሚያነሳው ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። አረፋው እስኪጠፋ ይህ ይደጋገማል፤ በየመሐሉም ማጠራቀሚያው ይሞላል። ከፓምፑ ከራቀው ጎማ መጀመር የተለመደው ቅደም ተከተል ነው።

ሥራው ተደጋግሞ ፔዳሉ አሁንም ከላላ እነዚህን ይመልከቱ፦

የካሊፐሮቹ ግራና ቀኝ። ካሊፐሮቹ ሙሉ በሙሉ ወርደው ከነበረ ሲመለሱ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። የማስተንፈሻው ብሎን ከላይ መሆን አለበት፤ አየር ወደላይ ስለሚወጣ ብሎኑ ከታች ከዋለ ሙሉ ቀን ቢሠራም አየሩ አይወጣም።

የጭነት መቆጣጠሪያው ቫልቭ። በብዙ ፒክአፖች ከኋላው አክስል በላይ እንደ ጭነቱ ክብደት ለኋላው ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። በአንዳንዶቹ ላይ የራሱ የማስተንፈሻ ብሎን ስላለው ይረሳል።

ኤቢኤስ። መኪናው ኤቢኤስ ካለውና ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ከነበረ አየሩ በኤቢኤሱ ክፍል ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይህን የሚያወጣው በኮምፒውተር የሚሠራ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ነው።

አሮጌ መኪና ላይ እስፑርጎ ሲደረግ ፔዳሉ ወለል እንዳይነካ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ማድረግ ጥሩ ነው። በፓምፑ ውስጥ ፒስተኑ ለዓመታት ያልደረሰበት ቦታ ዝገትና ቆሻሻ ይይዛል፤ እዚያ ድረስ ሲገፋ ጎማው ይቆረጣል። «ሸራ ሲቀየር ፓምፑም አብሮ ሞተ» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አየር ካልሆነ

ፔዳሉ ቆሞ ሲፈተሽ ደህና ሆኖ፣ ጠጠር መንገድ ወይም ጠመዝማዛ ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ብቻ የሚሰምጥ ከሆነ ዲስኩ እየተወላገደ ይዞራል ማለት ነው። የሚወላገድ ዲስክ ሸራውንና ፒስተኑን እየመታ ወደኋላ ይገፋቸዋል። አዲስ ዲስክ ጠማማ ሆኖ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ዲስኩ የሚያርፍበት ክብ መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ ሳይጸዳ ዝገቱ ላይ መገጠሙ ነው። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት መወላገድ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ትንሽ የዝገት ቅርፊት ይህን ያልፋል። የጎማው ኩሽኔታ ከላላም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው፤ ጎማውን በክሪክ አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት።

ሸራው በቦታው ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ከያዙ፣ ሸራው በአንድ ጎኑ ብቻ ይነካል፤ ፔዳሉም ይላላል። ፒኖቹ ተጠርገው ለፍሬን ተብሎ በተሠራ ግሪስ ይቀቡ። የጎማ ቱቦዎቹም ይታዩ። ረዳት ሲረግጥ የሚያብጥ፣ የተሰነጠቀ ወይም የለሰለሰ ቱቦ ዘይቱ ወደ ፒስተኑ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱን ይበላል።

ዘይቱና የጅቡቲ አየር

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በባሕር ዳር እርጥበትና በጅቡቲ ሙቀት ክዳኑ ክፍት የቆየ ጠርሙስ ቶሎ ይበላሻል። ውሃ የገባበት ዘይት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ለዶት 3 ደረጃ አዲስ ዘይት ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቋቋም አለበት፤ ውሃ ሲገባበት ግን ዝቅተኛው መስፈርት 140 ዲግሪ ነው። ለዶት 4 እነዚህ ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት እንደ አየር ይታመቃል። ጋራዥ ውስጥ ጠንካራ የነበረ ፔዳል ቁልቁለት መሐል ላይ ወለል የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው።

የሙቀቱን መጠን ለመገመት ያህል፣ ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ 900 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 80 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከቧንቧ ሙቀት እስከ መፍላት ያደርሳል። ከዚህ ሞተሩ ካልተካፈለ አብዛኛው በሸራና በዲስክ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ደረጃ ይግዙ፤ ጠርሙሱም ያልተከፈተ ይሁን። የተረፈውን ለሚቀጥለው ዓመት አያስቀምጡ። ዶት 5 የሲሊኮን ዘይት ነውና ከዶት 3 ወይም 4 ጋር አይቀላቀልም። ዘይት ጎደለ ተብሎ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የተጨመረበት ፍሬን ደግሞ ጎማዎቹ በሙሉ አብጠው ይበላሻሉ፤ በእስፑርጎ አይድንም።

ፔዳሉ ከጠነከረ በኋላ

አዲስ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ ድረስ ሙሉ ጉልበት አይሰጡም። ባዶ መኪና ይዘው ጭር ባለ ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ያህል በመጠነኛ ርግጫ ያቀዝቅዙ፤ ሙሉ በሙሉ አያቁሙት። በየመሐሉ እንዲበርድ እየነዱ አሥር ጊዜ ያህል ይድገሙት። ሸራው የራሱ መመሪያ ካለው እሱ ይቀድማል። ይህ ሸራና ዲስኩን ያላምዳል እንጂ የላላ ፔዳል አይጠግንም፤ «ሲነዳ ይስተካከላል» የሚለው አባባል ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የፍሬን ሥራ በተሠራበት ቀን ደንገጎን ወይም የባቲን ቁልቁለት ከነጭነት መውረድ አይገባም።

እንስሳት ተጭነው ፔዳሉ መንገድ ላይ ቢሰምጥ ሹፌሩ በፍጥነት ደጋግሞ ይርገጥ፤ ማርሹን አንድ በአንድ ወደ ከባድ ይመልስ፤ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ ይሳብ። በፎሌ መውረድ ከሁሉ የከፋ ነው። ቆሞ ታኮ ከተደረገ በኋላ ፍሬኑ በራሱ ይብረድ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል። ውሃው ለእንስሳቱ ይሁን። ከበረደ በኋላ ፔዳሉ ቢመለስም ዘይቱ ፈልቶ ነበርና ጉዞው የሚቀጥለው ወደ ቅርቡ ጋራዥ፣ በዝግታና በከባድ ማርሽ ነው። እዚያ ሲደርስ ዘይቱ በሙሉ ይቀየር።

ከመጫንዎ በፊት የሚከተሉትን ያረጋግጡ፦

• ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ከወለል ርቆ ጠንክሮ ይቆማል፤ ካረፈ በኋላም እንደዚያው ነው።
• ግማሽ ደቂቃ ተረግጦ ሲያዝ አይወርድም።
• የእጅ ፍሬኑ ቢሳብም ባይሳብም የፔዳሉ ከፍታ ብዙ ልዩነት የለውም።
• ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው፤ በየትኛውም ጎማ ላይ እርጥበት የለም።
• መኪናው ባዶውን ተነድቶ፣ ጠጠር መንገድ ነክቶ፣ ፔዳሉ አልተለወጠም።

ከነዚህ አንዱ ካልተሟላ እንስሳቱ በረታቸው አንድ ቀን ይደሩ። የአንድ ሌሊት መኖና የጥበቃ ወጪ ይታወቃል፤ ቁልቁለት ላይ የሚሰምጥ ፔዳል ምን እንደሚያስከፍል ግን አስቀድሞ አይታወቅም።